ጠቅላዩና የዘጠኝ ሰዓት ነፋስ

አማቴን በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። በእኛ ዘንድ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ላጉ ይባላል፣ ክልክል ማለት ነው። ሌላ ሰው በዚያ ስም ቢጠራ እንኳ ምራት ለዚያ ሰው ሌላ ስም ታወጣለታለች እንጂ አፏን አታስነካውም። ስለ እሳቸው ልጽፍ ስነሳ መጀመሪያ የፈራሁት ይህንን ነው። ትምህርቴንም ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ነገሩ ካለፈ አምስት ዓመት ሆኖታል፣ እስከ ዛሬ ያዘገየኝም ፍርሃቱ ነው።

እጃጂ ላይ ሰው ሁሉ "ጠቅላዩ" ነው የሚላቸው። ሚኒስትር ሆነው አይደለም። የተቃጠለ ሞተር ፈትተው፣ አሮጌውን ሽቦ አውጥተው፣ አዲስ ሽቦ የሚጠቀልሉ ስለሆኑ ነው። አስፋልቱ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ አለቻቸው። ከጌዶ እስከ ባኮ የወፍጮ ሞተር ሲቃጠል፣ የውሃ ፓምፕ ሲቃጠል፣ ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው። የተወለዱት ጭልሞ ጫካ ሥር ነው፣ አባታቸው እንጨት ሰንጣቂ ነበሩ። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አምቦ ገብተው ጋራዥ እየጠረጉ ሙያውን ለመዱ። ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። "ሽቦ ሰርተፍኬት አይጠይቅም፣ ዙር ነው የሚጠይቀው" ይላሉ።

እኔና ባለቤቴ ገቢሳ የምንኖረው ከእጃጂ ወደ ላይ አንድ ሰዓት በእግር፣ ዳገቱ ላይ ነው። መንደሩን ቱሉ እንለዋለን፣ ኮረብታ ማለት ነው። መብራት የለንም። ምሰሶዎቹ በአስፋልቱ ዳር ዳር ያልፋሉ እንጂ ወደ እኛ አልወጡም። መኪናም በበጋ ብቻ ነው የሚወጣው።

በ2009 ነሐሴ ላይ ምጥ ሲይዘኝ ወደ ጤና ጣቢያ ለመውረድ ወንዙ ሞልቶ ነበር። መንደራችን ውስጥ ያለችው ጤና ኬላ ወሰዱኝ። የጤና ባለሙያዋ ዱረቲ ብቻዋን ናት። ክፍሉ ሲጨልምባት ስልኳን አብርታ በጥርሷ ነከሰችው። እጇ እኔ ላይ ነው፣ መብራቱ አፏ ውስጥ ነው። "ግፊ" ማለት ስላልቻለች በአፍንጫዋ ነበር የምታዘኝ። ልጄ ሃዊ እንደዚያ ተወለደች።

በነጋታው አማቴ ልጅቷን ሊያዩ መጡ። ልጅቷን ሳሙና ዱረቲን፣

"ሶላሩስ?" አሏት። ጣሪያው ላይ አንድ ሶላር ነበር።

"ባትሪው ከሞተ ሦስተኛ ክረምቱ ነው፣ አባባ። ደብዳቤ ጽፈናል።"

"በምን አዋለድሻት?"

ስልኳን ሰጠቻቸው። ሽፋኑ ላይ የጥርሷ ምልክት ነበረበት። አማቴ ስልኩን አገላብጠው ምልክቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። መልሰው ሰጧት። በሳምንቱ ከአንድ የተገለበጠ ባጃጅ የወጣ ማግኔት ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ማግኔት የሚሉት የባጃጁ ሞተር ሲዞር ባትሪውን የሚሞላለትን ክብ ነገር ነው።

"ይሄ በነፋስ ይዞራል" አሉ።

ገቢሳ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ምራት አትስቅም። ግን ውስጤ ስቆ ነበር።

የመጀመሪያው የነፋስ መዘውር አራት ክንፍ ነበረው። ክንፎቹን ከዘይት በርሜል ቆርጠው ነው የሠሯቸው፣ ዝርግና እኩል አድርገው፣ አረንጓዴ ቀቡት። ምሰሶውን መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው ብለው ጤና ኬላው በር ላይ አቆሙት። ከጀርባው ባህር ዛፍ ነበር። ሳምንት ሙሉ ቆመ። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ዞረና ተመልሶ ተኛ።

ጎረቤታችን ኦቦ ኤጄታ መጥተው ዱላቸውን ተደግፈው አዩት። ኦቦ ኤጄታ በመንደሩ እህል በማዝራት የሚስተካከላቸው የለም፣ ምላሳቸውም እንደዚያው ነው።

"ጠቅላዩ፣ ሽቦ አልቆብህ ነው ነፋስ ልትጠቀልል የመጣኸው?"

"ሳቅ አንተ፣ ሳቅ" አሉ አማቴ።

"አልሳቅኩም። ግን ነፋስ እዚህ አለ ብሎ ማን ነገረህ? ነፋስ እኮ ቤት አለው። ቤቱ አውድማ ነው። አባቶቻችን አውድማውን እዚያ ጉብታ ላይ ያደረጉት ለመልኩ መሰለህ?"

"መቼ ነው ታዲያ የሚገባው፣ ቤቱ?"

"በበጋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ከዘጠኝ ሰዓት እስኪጨልም ድረስ ነው። ጠዋት ብትጠራው አይሰማህም።"

አማቴ ምሰሶውን ነቀሉት። አውድማው ከጤና ኬላው ግቢ ጀርባ ነው፣ አጥሩ ጋ ይገናኛሉ። እዚያ አጥሩ ጥግ ላይ ተከሉት። አሁን ትንሽ ዞረ፣ ግን እንደ ደከመ በሬ ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሰዉ ጤፉን ሲያዘራ እሳቸውም አውድማው ዳር ቁጭ ብለው መዘውራቸውን ያያሉ። ኦቦ ኤጄታ ላይዳቸውን፣ ማለት እህሉን ወደ ነፋስ የሚወረውሩበትን የእንጨት አካፋ፣ ይዘው አረፍ አሉ። ላይዳውን ወደ ጎን ሲያዘነብሉት ክንዳቸው ሸርተት አለ።

"ምን ሆንክ?" አሉ አማቴ።

"ነፋሱ ነዋ። ጠርዙን ስታዞርለት ይጎትትሃል። ዕድሜ ልኬን ሲጎትተኝ ነው የኖርኩት።"

አማቴ ተነስተው ላይዳውን ተቀበሏቸው። ወደ ነፋሱ ዘረጉት፣ ትንሽ አዞሩት፣ መለሱት፣ እንደገና አዞሩት። ገለባው ፀጉራቸው ላይ እስኪነጣ እዚያው ቆሙ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ "ኦቦ ጠቅላዩ፣ እህሉስ?" ይላቸዋል። እሳቸው ላይዳውን ያዞራሉ። ላይዳ ጀርባው ትንሽ ጎበጥ፣ ፊቱ ጎድጎድ ያለ ነው። ጠርዙ ቀጭን ነው። እንደ በርሜል ላሜራ ዝርግ አይደለም።

አዲሱን ክንፍ ከዋንዛ ሊጠርቡ ወሰኑ። ገቢሳ ከጭልሞ እንጨት በቀላሉ ይገኛል ሲላቸው ተቆጡ። "እኔ እዚያ ጫካ ሥር ነው ያደግኩት። አንድ ዛፍ በእኔ ስም አይወድቅም" አሉ። የተጋቡበትን የዋንዛ አልጋ ፈቱ። ሴቷ አማቴ፣ የእሳቸውንም ስም አልጠራም፣ በሩ ላይ ቆመው፣

"ለምራትህ መብራት ልታበራ እኔን መሬት ልታስተኛኝ ነው?" አሏቸው።

"አንቺ በጨለማም ታምሪያለሽ" አሉ። ሴቷ አማቴ ግን አልሳቁም። ፍራሹ መሬት ላይ አንድ ዓመት ተኩል ቆየ።

ሦስት ክንፍ ወጣ። ሥሩ ላይ ሰፋ ብሎ ዘወር ያለ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ዝርግ የሚሆን ነበር። ያን ጊዜ መዘውሩ ዞረ። የዞረ ጊዜ ግን መብራት አልመጣም።

አማቴ ሙያቸው እዚህ ላይ ነው። ባጃጅ ሞተሩ ሲነሳ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል፣ ማግኔቱም ለዚያ ነው የተሠራው። የእኛ መዘውር ግን ሁለት መቶ ከዞረም ጎበዝ ነው። ስለዚህ የፋብሪካውን ሽቦ አውጥተው ቀጭን ሽቦ ብዙ ዙር ጠቀለሉበት። የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። በየአሥር ዙሩ አንድ የበቆሎ ፍሬ ከግራ ወደ ቀኝ አሳልፋለሁ። ሃዊ ተንፏቅቃ መጥታ ፍሬውን ከበላችብኝ እንደገና ከአንድ ነው። መጀመሪያ የጠቀለሉት ዙሩ አንሶ ከእጃጂ ያመጡትን ባትሪ መሙላት አቃተው። ሁለተኛው ሽቦው ከልክ በላይ ቀጥኖ ተቃጠለ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ሦስተኛውን እኔ ተሳስቼ ነው ያበላሸሁት። ከጥቅልሎቹ አንዱ ላይ ሃያ ዙር ጎደለ። ፈርቼ ሳልናገር ቀረሁ። እሳቸው ፈትተው ሲቆጥሩ አገኙት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ሽቦ የተደበቀውን ሁሉ ያወጣል። ሌላ ጊዜ ቀድመሽው ተናገሪ" አሉኝ። አራተኛው ልክ መጣ።

በ2011 መጋቢት ላይ ደግሞ ትልቅ ነፋስ መጣና መዘውሩ እስኪጮህ ዞረ። አንዱ ክንፍ ተገንጥሎ በረረ። የኦቦ ኤጄታ የጭድ ክምር ላይ ተሰክቶ ቆመ። ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ኦቦ ኤጄታ፣

"ላይዳዬን መለስክልኝ፣ እግዜር ይስጥህ" አሉ።

ያን ቀን አማቴ እኛ ቤት ምሳ ሳይበሉ ተቀመጡ። የቤታችን በር ጠማማ ነው። ገቢሳ ማጠፊያዎቹን አዛብቶ ነው የመታቸው፣ ከፍተህ ስትለቀው በራሱ ተመልሶ ይዘጋል። እኔ ስወጣ ስገባ በሩ በጀርባዬ ይዘጋል። አማቴ አዩት። ተነሱና ከፈቱት፣ ለቀቁት፣ ተዘጋ። ደግመው ከፈቱት።

"ገቢሳ፣ ይሄን በር ማን ሠራው?"

"እኔ ነኝ አባባ፣ አስተካክለዋለሁ እኮ፣ ጊዜ አጥቼ ነው" አለ ደንግጦ።

"እንዳትነካው" አሉት።

የመዘውሩን ጭራ፣ ማለት ከኋላው ሆኖ ፊቱን ወደ ነፋስ የሚመራውን ላሜራ፣ እንደ በራችን አድርገው በጠማማ ማጠፊያ ሰቀሉት። ነፋሱ ሲበረታ መዘውሩ ፊቱን ያዞራል፣ ከብት በረዶ ሲመታው ጀርባውን እንደሚሰጠው ማለት ነው። ነፋሱ ሲበርድ ጭራው በራሱ ክብደት ተመልሶ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያመጣዋል። ከዚያ በኋላ ክንፍ ተሰብሮ አያውቅም። ገቢሳ እስከ ዛሬ "ግማሹ የእኔ ሙያ ነው" ይላል።

በ2012 ኅዳር ላይ ዱረቲ ጋ ሁለት አምፖል በራ። አንዱ ማዋለጃዋ ላይ ነው።

እኛ አለቀ ብለን ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። መዘውሩ በመንግሥት ግቢ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተተከለ ነው ይላል። ኮሚቴ መጥቶ ያያል። የሚሠራና ጉዳት የሌለው ከሆነ ይፈቀዳል፣ ካልሆነ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይነሳል። ኮሚቴው የሚመጣው ሐሙስ ጥር 14 ቀን በ9:00 ሰዓት ነው።

ደብዳቤውን ዱረቲ ስታነብ ኦቦ ኤጄታ ዱላቸውን መሬት መቱ። "ዘጠኝ ሰዓት። አየህ፣ መንግሥትም ነፋስ ያውቃል" አሉ። ሁላችንም ደስ አለን።

ሐሙስ ጠዋት አማቴ ለባትሪው አዲስ መያዣ ሊያመጡ ከገቢሳ ጋር ወደ እጃጂ ወረዱ። ዱረቲ ሕፃናት ልትከትብ ወጣች። ሰዉ ገበያ ነው። እኔ ቤት እየጠረግኩ ሳለ መኪና ሰማሁ። ሦስት ሰዓት ነው። እየሮጥኩ ደረስኩ።

ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው አቶ እንግዳወርቅ ይባላሉ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽር አላቸው። ሌላዋ ሐምዲያ የምትባል ወጣት ኢንጂነር ናት። ሹፌሩ ኢብሳ የጉደር ልጅ ነው።

"የት አሉ ሰዎቹ? ደብዳቤ ልከን ነበር" አሉ አቶ እንግዳወርቅ።

"ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚለው" አልኩ።

"አዎ፣ ዘጠኝ። አሁን እኮ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

ሐምዲያ ደብዳቤውን ከፋይሉ አውጥታ አየች። "ጋሽ እንግዳወርቅ፣ በፈረንጅ ሰዓት ነው የጻፍነው። ከእንግሊዝኛው ፕሮግራም ስንገለብጥ እንዳለ ቀርቷል።"

ቀና ብለው መዘውሩን አዩት። ቅጠል አይነቃነቅም። ክንፎቹ ቀጥ ብለዋል። አንዲት ወፍ ጭራው ላይ ተቀምጣለች።

"ይዞራል?"

"ይዞራል። በዘጠኝ ሰዓት።"

"በየትኛው ዘጠኝ?" አለ ኢብሳ፣ ሳቀ።

አቶ እንግዳወርቅ ቅጹን መኪናው ላይ ዘርግተው መሙላት ጀመሩ። ዓይኔ እስክሪብቷቸው ላይ ነበር። "በጉብኝቱ ወቅት ሲሠራ አልታየም" ብለው ጻፉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ያዩትን ነው የጻፉት። ከዚያ፣

"የሠሪው ስም?" አሉኝ።

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"የሠራው ሰው ማን ነው?"

"የባለቤቴ አባት ናቸው።"

"እኮ ስማቸው?"

"ጠቅላዩ ይሏቸዋል።"

"ቅጽ ላይ ጠቅላይ ብዬ ልጻፍ? ባልሽ ማን ይባላል?"

"ገቢሳ።"

"ገቢሳ ማን?"

መሬት መሬት አየሁ። ኢብሳ ሳቁን አቁሞ፣ "ጋሼ፣ አትጠራም። ምራት ናት፣ ላጉ ነው። ቢገርፏትም አትናገርም" አለ።

"ታዲያ ምን ይሻላል? ስም የሌለው ቅጽ አይዘጋም፣ ቢሮ ይመልሰዋል።" ሰዓታቸውን አዩ። "ባኮ ደግሞ እየጠበቁን ነው።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፣ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ላጉ አፍን ነው የሚከለክለው። እጅን አይከለክልም። እስክሪብቶውን ብጠይቃቸው እጽፈው ነበር፣ እንዴት እንደሚጻፍ አሳምሬ አውቃለሁ። ሐምዲያም እስክሪብቶ በእጇ ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። ስሙን ብጽፍላቸው ቅጹ ይዘጋል፣ መዘውሩም ይነሳል። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት።

"ከባኮ ስትመለሱ በእጃጂ ነው የምታልፉት፣ ብቅ በሉ። ያኔ እሳቸው ራሳቸው ይነግሯችኋል" አልኩ።

አቶ እንግዳወርቅ ተነፈሱና ቅጹን አጠፉት። "በዘጠኝ?" አሉኝ።

"በእኛ ዘጠኝ።"

ሲመጡ ሁሉም ነበር። አማቴ ንጹሕ ኮት ለብሰው ምሰሶው ሥር ቆመዋል። ዱረቲ ነጭ ጋወኗን አድርጋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነፋስ የለም። ኦቦ ኤጄታ ከአውድማው አንድ እፍኝ ገለባ ዘግነው ከፍ አድርገው ለቀቁት። ቀጥ ብሎ ጫማቸው ላይ ወረደ።

"ነፋሱም የፈረንጅ ሰዓት ጀመረ እንዴ?" አለ ኢብሳ። ማንም አልሳቀም።

አቶ እንግዳወርቅ አንዴ ሰዓታቸውን አንዴ ሰማዩን ያያሉ። ሐምዲያ ጊዜውን ላለማባከን መሰላል ጠይቃ ወጣች፣ ጭራውን በእጇ ገፋችው። ለቀቀችው፣ ተመለሰ። ደግማ ገፋችው።

"አባባ፣ ይህን ማጠፊያ ሆን ብለው ነው ያጣመሙት?"

"ሆን ብዬ ነው። የልጄን በር አይቼ።"

"እኛ ይህን ክፍል ውስጥ በሒሳብ ነው የተማርነው" አለች ከላይ ሆና። "እርስዎ ከበር ነው የወሰዱት?"

"በሩንም ሒሳብ የማያውቅ ልጅ ነው የሠራው" አሉ አማቴ። ያን ጊዜ ሰዉ ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ ኦቦ ኤጄታ ሁለተኛውን እፍኝ ለቀቁ። ገለባው ወደ ጎን ሄደ። ጥቂት ነው የሄደው፣ ግን ሄደ። ሦስተኛው እፍኝ አቶ እንግዳወርቅ መነጽር ላይ አረፈ። ሐምዲያ ቶሎ ወረደች። ጭራው መጀመሪያ ዞረ፣ ከዚያ ክንፎቹ ቀስ ብለው ጀመሩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ድምፁ ወፍራም አይደለም፣ ጤፍ ከላይዳ ላይ ሲወርድ ያለው ዓይነት ነው።

ዱረቲ አቶ እንግዳወርቅን ወደ ማዋለጃዋ አስገባቻቸው። መስኮቱን ዘጋችው፣ ጨለመ። ማብሪያውን ስትጫነው ክፍሉ በሙሉ ታየ። ስልኳንም አውጥታ የጥርሷን ምልክት አሳየቻቸው። እሳቸውም እንደ አማቴ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

ወጥተው "አልታየም" ያሉትን ሰርዘው፣ ከጎኑ "ሲሠራ ታይቷል፣ ይቆይ" ብለው ጻፉ። ሐምዲያም ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዙ ወደ አማቴ ዞሩ።

"አሁን ስምዎን ይንገሩኝ። ምራትዎ እኮ አላሳልፍም አለችን።"

አማቴ ወደ እኔ አዩ። ብዙ ሰው ነበረ፣ መግቢያ ጠፋኝ።

"ምኞት ትጻፈው" አሉ፣ እኔን ማለታቸው ነው።

ኦቦ ኤጄታ "ኧረ" አሉ። ቅጹን መኪናው ላይ ዘረጉልኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ አሳምሬ ጻፍኩት፦ ኦሊቃ ደበላ። አማቴ ጠጋ ብለው አነበቡት፣ አምስተኛ ክፍል የተማሩ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው ያነበቡት። ከዚያ ኮታቸውን አስተካከሉ።

ዛሬ የዚያ ቅጽ ግልባጭ እጃጂ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከሽቦዎቹ በላይ ተሰቅሏል። ሞተር ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ያሳያሉ። ፈቃዱን አይደለም የሚያሳዩት፣ ጽሕፈቱን ነው። "ምራቴ ናት የጻፈችው" ይላሉ። መዘውሩ አለ። እንደዚያው ዓይነት ሁለት ደግሞ ለሌሎች መንደሮች ሠርተዋል፣ ዙሩን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዱረቲ ጋ ከሃዊ በኋላ ወንዙ ሞልቶ ሳይወርዱ የወለዱ እናቶች አሉ። ስልክ በጥርስ አልተነከሰም። አልጋውም በሌላ እንጨት ተሠርቶላቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ሽቦ ሲጠቀልሉ፣ እኔ በቆሎዬን እየቆጠርኩ፣ ቀና ሳይሉ፣

"ምኞት" አሉኝ፣ "ያን ቀን ጠዋት ሰዎቹ እስክሪብቶ አልነበራቸውም እንዴ?"

ፍሬው ከእጄ ወደቀ። ስንት ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ።

"ነበራቸው፣ አባባ።"

"እኔም እንደዚያ ነው የገመትኩት" አሉ። ጥቅልሉን ፈቱና እንደገና ከአንድ ጀመርን።